የኬብል ካር ጥገናችንን በሶፍትዌር ላደራጀልን ወንድማችን ምስጋና፣ ለሙያ ባልደረቦቻችንም ጥቆማ

እኛ እስራኤል ውስጥ በኬብል ካር ጥገና ላይ የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪ ቴክኒሻኖች ነን። የሥራና የጥገና ሶፍትዌራችንን ከባዶ ጀምሮ ያደራጀልንን ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈቀደ አንጠቅሰውም፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀን። «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም ስለማይጠቅም የሠራውን በዝርዝር እንጽፋለን። ሊፍት ወይም ክሬን ላይ ለምትሠሩም ብዙው ይሆናችኋል።

በሃይፋ ከ2022 ጀምሮ ከመፍራጽ ማዕከላዊ ጣቢያ እስከ ቴክኒዮንና ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ 4.4 ኪሎ ሜትር የሚወጣውን መስመር የተሳፈረ ሰው ካቢኑ ጣቢያ ሲገባ እንደሚዘገይ አይቷል። በዚህ ዓይነት መስመር ገመዱ አይቆምም። ካቢኑ ጣቢያ ላይ ገመዱን ይለቃል፣ በዝግታ ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ከዚያ ገመዱን መልሶ ይይዛል። የሚይዝበት ክፍል ግሪፕ ይባላል፤ የተሳፋሪው ሕይወት የተንጠለጠለውም እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሶፍትዌር ሲሞላ «ካቢን 1፣ ካቢን 2» እያለ ይዘረዝርና ግሪፑን የካቢኑ አካል አድርጎ ይመዘግባል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። ግሪፑ ለእድሳትና ለስንጥቅ ምርመራ ሲፈታ በቦታው ትርፍ ግሪፕ ይገባል፤ የተፈታው ታድሶ ሲመለስ ሌላ ካቢን ላይ ይገጠማል። የሥራ ሰዓቱ ከካቢኑ ጋር ከታሰረ፣ ብዙ የሠራ ግሪፕ አዲስ መስሎ ይቀመጣል፣ አዲሱ ደግሞ ያለጊዜው ይፈታል። ወንድማችን መጀመሪያ ያደረገው ለእያንዳንዱ ግሪፕ በራሱ መለያ ቁጥር የተለየ መዝገብ መክፈት ነው። የሠራው ሰዓት፣ የተቀየረለት ስፕሪንግ፣ የስንጥቅ ምርመራ ወረቀቱና የመያዣ ኃይሉ ንባብ ሁሉ ግሪፑ በሄደበት ይከተሉታል።

የመያዣ ኃይሉን ጣቢያ ላይ ያለው መሣሪያ ይለካል፤ ከገደብ በታች ከሆነ መስመሩን ያቆማል። ወንድማችን በዚህ ላይ ንጽጽር ጨመረበት። አንድ ግሪፕ ገደቡን ባይነካም ከራሱ የቀድሞ ንባብ እያነሰ ከሄደ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ገመዱን የሚነክሰው መንጋጋው ተበልቷል ማለት ስለሆነ ሶፍትዌሩ ያስጠነቅቃል። የሁሉም ግሪፕ ንባብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣቢያ ብቻ ከወረደ ግን ግሪፖቹን ከመፍታት በፊት መለኪያው ራሱ ይፈተሽ። ይህን ለይቶ ማሳየቱ ብቻ ስንት የከንቱ ድካም እንደሚያስቀር ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የጣቢያ ጎማዎች ናቸው። ካቢኑን የሚያዘገዩትና መልሰው ወደ ገመዱ ፍጥነት የሚያደርሱት በተርታ የተደረደሩ ጎማዎች ናቸው። አንዱ ንፋስ ሲያጥረው ዙሪያው ያንሳል፣ ካቢኑን ከሚፈለገው ፍጥነት በታች ይገፋዋል፤ በካቢኖች መካከል ያለው ርቀት ይዛባና መስመሩ ይቆማል፣ ወይም ግሪፑ ገመዱን በመንገጫገጭ ይይዛል። የተለመደው ነገር ኦፕሬተሩ ሪሴት አድርጎ፣ ማለትም የብልሽት ምልክቱን አጥፍቶ፣ መቀጠሉ ነው። ፈረቃ ሲቀየር የሚመጣው ሰውም ያንኑ ያደርጋል፤ እንዲህ እያለ ችግሩ ባለቤት ሳያገኝ ይከርማል። አሁን መስመሩ በቆመ ቁጥር ኦፕሬተሩ የት ቦታ፣ የትኛው ካቢን፣ በምን አየር ብሎ ሳይሞላ መዝገቡ አይዘጋም። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ከተቆመ የሥራ ትዕዛዙ በራሱ ይከፈታል። የጎማ ንፋስ የሚለካውም ጠዋት መስመሩ ሳይነሳ ነው፤ የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ንባብ ስለሚሰጥ የሙቀቱ ሰዓት ልኬት ተቀባይነት የለውም።

ምሰሶዎቹ ላይ ያሉትን ሮለሮች፣ ማለትም ገመዱ የሚያልፍባቸውን ጎማ የለበሱ መንኮራኩሮች፣ በሦስት ነገር ለያቸው፦ የምሰሶው ቁጥር፣ የመውጫ ወይስ የመውረጃ ጎን፣ ከታች ወደ ላይ ስንተኛ። የኪውአር መለያውን የለጠፈው ከምሰሶው ሥር ሳይሆን ላይ፣ ሮለሮቹ አጠገብ ነው። ሥር ከተለጠፈ ሳይወጡ ማንበብ ይቻላላ! ቴክኒሻኑ ላይ ወጥቶ ታብሌቱን ካላስነበበ ቅጹ አይከፈትለትም፤ ኔትዎርክ ባይኖርም ይሞላል፣ ሲወርድ ይላካል። የሚሞላውም «ደህና ነው» የሚል ምልክት ሳይሆን የጎማው ቀሪ ውፍረት በሚሊሜትር፣ የኩሽኔታው ድምፅና ሙቀት፣ በቡሎኖቹ ላይ የተሰመረው ቀለም ከቦታው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ ነው።

ገመዱን በአጭሩ እንለፈው። ሁለቱ ጫፎች የተጠለፉበት ክፍል ርዝመት ቢያንስ የገመዱ ውፍረት 1200 እጥፍ ነው፤ ለ50 ሚሊሜትር ገመድ 60 ሜትር መሆኑ ነው። ውፍረቱ ሁልጊዜ ምልክት በተደረገባቸው በእነዚያው ቦታዎች ይለካል፣ የማግኔት ምርመራው ውጤትም ከቀድሞው ጎን ይቀመጣል። ከውጭ የማይታይ የውስጥ ሽቦ መበጠስ የሚገኘው በዚህ ምርመራ ነውና።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግነው ግን በባይፓስ፣ ማለትም መከላከያን ከሥራ ውጭ በማድረግ፣ ጉዳይ ነው። በጣሊያን ሞታሮኔ ተራራ ግንቦት 23 ቀን 2021 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሆነውን እስራኤል ያለን ሁሉ እናስታውሳለን፤ ከሞቱት 14 ሰዎች መካከል የአንድ እስራኤላዊ ቤተሰብ አባላት ነበሩ። እዚያ ካቢኑ በአንድ ተሸካሚ ገመድ ላይ እየሄደ በሌላ ጎታች ገመድ ይሳብ ነበር፤ ጎታቹ ገመድ ላይኛው ጣቢያ አጠገብ ተበጠሰ። በዚያን ጊዜ ካቢኑን ተሸካሚው ገመድ ላይ ማስቆም የነበረበት የአደጋ ፍሬን አልያዘም፤ በተደጋጋሚ ያለ ምክንያት እየያዘ ስላስቸገረ በብረት ሹካ ተከፍቶ እንዲቀር ተደርጎ ነበር። የሚያስቸግር መከላከያን ከሥራ ማስወጣት በየትኛውም ማሽን ላይ የሚመጣ ፈተና ነው።

ስለዚህ በእርሱ አሠራር ማንኛውም ሴንሰር፣ ፍሬን ወይም መቆሚያ ባይፓስ ሲደረግ ማን፣ ለምን፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚል መዝገብ ይከፈታል፣ የሁለተኛ ሰው ፊርማም ይጠየቃል። መዝገቡ እስካልተዘጋ ድረስ የጠዋቱ «ለተሳፋሪ ክፍት» ቅጽ አይፈረምም። ያ ቅጽ ያለ ሰው የሚደረገውን የሙከራ ጉዞ፣ የሁለቱንም ፍሬኖች ሙከራ፣ የመቆሚያ ቁልፎችን፣ የንፋስ መለኪያውን፣ የገመድ መወጠሪያውን ግፊትና የመጠባበቂያ ሞተሩን መነሳት ይይዛል።

አንድ ነገር ላይ ፈጽሞ አልተደራደረም፤ ሶፍትዌሩ መስመሩን ከሚያሠራው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የሥራ ሰዓትና የብልሽት ኮድ ያነባል እንጂ ወደ መቆጣጠሪያው ምንም አይጽፍም። የደኅንነቱ ሰንሰለት ለብቻው ይቆማል። ማንም ሻጭ «ከታብሌት ሪሴት ታደርጋላችሁ» ቢላችሁ እምቢ በሉ።

ልታሠሩት የምታስቡ ከመደወላችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ የአምራቹን የጥገና መመሪያ፣ የግሪፖቹን መለያ ቁጥር ዝርዝር፣ የመጨረሻውን የገመድ ምርመራ ሪፖርት፣ የመለዋወጫ መጋዘኑን ቆጠራ፣ የአንድ ዓመት የብልሽት መዝገብ፤ በእጅ የተጻፈም ይሁን። መቆጣጠሪያው ተቀይሮ ከሆነ የሰዓት ቆጣሪው ከዜሮ ስለሚጀምር የድሮውን ንባብ ፈልጋችሁ ያዙ። ያ ከጠፋ ከጉዞ መዝገብ ተሰልቶ ይሞላል፤ ይቻላል፣ ግን ሥራው ይረዝማል።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።