ኩፍኝ ታሞ መዳን ወይስ መከተብ?

እኛ ሰሜን ሸዋ፣ በተለይ መንዝ አካባቢ፣ ልጅ ኩፍኝ ወጥቶለት ቢያልፍ ይሻለዋል የሚሉ እናቶች አሁንም አሉ። ከመሬት ተነስተው አይደለም። ኩፍኝ ይዞት የዳነ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ዳግም አይዘውም።

ግን ዋጋው! የሳንባ ምች፣ ዓይነ ስውርነት፣ ሞትም አለበት። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቫይረሱ የድሮ በሽታዎችን የሚያስታውሱትን ነጭ የደም ሴሎች ያጠቃል። ሰውነት የተማረውን ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ያልተከተቡ ልጆች ከኩፍኝ በኋላ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን ፀረ እንግዳ አካላቸውን (በሽታ የሚዋጋውን የደም ፕሮቲን) እንዳጡ አሳይቷል። ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ ወራት ቆይቶ በሌላ በሽታ የሚወድቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክትባቱ ውስጥም ሕያው ቫይረስ አለ፤ ግን የተዳከመ ነው። ሰውነት ጠላቱን ይለያል፣ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፣ የማስታወስ ሴሎች ያስቀራል። የድሮውን ትዝታ ግን አይነጥቅም። ትንሽ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ቢመጣ ያልፋል።

በ9 ወር የሚሰጠው ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። ከቀሩት አብዛኞቹን የሚደርስላቸው የ15 ወሩ ነው። ዳገቱ ቢያደክምም ለሁለተኛው ወደ ጤና ኬላ ተመለሱ።