ከአባዬ ጎን ደረጃው ላይ ለተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ

ሰላም ጎንደሬዎች። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈኝ፤ ዕዳ ሆኖብኛል።

በዩኒቨርሲቲው የኪነጥበብ አዳራሽ የተማሪዎች የሙዚቃ፣ የቴአትርና የውዝዋዜ ምሽት ነበር። መድረክ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ይመስገኑ። የኔ ምስጋና ግን ከኋላ፣ ከዚያ ብዙ ቁልፍ ካለው ሚክሰር ጋር ለተቀመጠው ልጅ ነው። ለድምፅ ባለሙያው።

መጀመሪያ ግን የሆዴን ልናገር። ባለፈው ጥር አባዬን ይዤ አንድ ቦታ ሄጄ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ጥምቀት ሲደርስ ከተማችን እንደምታውቋት ነች፤ እንግዳው ይበዛል፣ ዝግጅቱ ይበዛል፣ ሁሉም ነገር ይወደዳል። «የባህል ምሽት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ደስ ብሎኝ ቲኬት ቆረጥኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። የፊት ወንበሮች «ለክብር እንግዳ ነው» ተባሉ። የክብር እንግዶቹ ሳይመጡ ወንበሩ ባዶውን አመሸ፤ አባዬ ግን ሞንታርቦው ሥር ተቀመጠ። ሲጮህ ደረቴ ይንቀጠቀጣል። ማይኩ በየመሃሉ ያፏጫል። ማሲንቆ የያዘው ልጅ እጁ ሲሄድ ሲመጣ እናያለን፤ የምንሰማው ግን ኦርጋን ብቻ ነው። ተነሥቼ ሄጄ «እባካችሁ ትንሽ ቀንሱልን፣ ሽማግሌ ይዣለሁ» ብላቸው፣ አንዱ «እናት፣ ካልተመቸሽ ውጭ ቦታ አለ» አለኝ። እናት! ገና አርባ አልሞላኝም እኮ።

በባጃጅ ስንመለስ አባዬ ዝም አለ። ቤት ልንደርስ ስንል «ማሲንቆውን ለፎቶ ነው የያዙት» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝግጅት የሚባል ነገር እንዳትጠሩኝ ብሎ ተወው።

አባዬ ዝም ብሎ ተመልካች እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ፣ በየቀበሌው ኪነት በነበረበት ዘመን፣ ማሲንቆ ይመታ ነበር። ፋሲለደስ ኪነት አልገባም፤ የእነሱን ትርኢት ለማየት ግን ከሥራ ይጠፋ እንደነበር ራሱ ይናገራል። የተወለደው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይባል የነበረው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረበት ዓመት። እስከ ዛሬ «ኮሌጁ» ነው የሚለው። «እኔና ኮሌጁ እኩያ ነን፤ እሱ እየሰፋ ሄደ፣ እኔ እየጠበብኩ» ይላል። ዛሬ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፣ ጆሮውም ከብዷል። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ጭራው ከተበጠሰ ዓመታት ሆኑት።

ታዲያ እንዴት ሄደ? የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ትማራለች፤ በውዝዋዜው ነበረችበት። ለመነችው፣ ለመነችው፣ «አባባ፣ ኮሌጁ እኮ ነው» ስትለው እሺ አለ።

በሰዓቱ ተጀመረ። እውነቴን ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። የመጀመሪያው በትዝታ ቅኝት ነበር። ማሲንቆው ብቻውን ጀመረ፤ አባዬ ቀና አለ። ከበሮው ሲገባ ግን ማሲንቆው ጠፋ። አባዬ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት «ከበሮው ዋጠው!» አለ። ጆሮው የከበደ ሰው ሹክሹክታ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፊታችን ያሉት በሙሉ ዞሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዘንድሮም ልንባረር ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ መጣ። «አባቴ፣ የቱ ነው ያልተሰማዎት?» አለ።

አባዬም «ጭራው» አለው። «ደጋኑ ሲሄድ አያለሁ፤ ጭራው ግን አይናገርም።»

ልጁ አልሳቀም፣ አልተከራከረም። «እስቲ ከእርስዎ ወንበር ልስማው» ብሎ ከአባዬ ጎን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ስንኝ ያህል አደመጠ። «እውነትዎን ነው» አለና ተነሥቶ ሄደ።

እዚያ ደረጃ ላይ! ሥራው ቦታ ሆኖ «እዚህ ጋ ደህና ነው» ማለት ይችል ነበር እኮ። ለአንድ ሽማግሌ ብሎ መጥቶ፣ ከሽማግሌው ቦታ ሰማ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ምን እንዳደረገ አትጠይቁኝ። ከአንዱ ቁልፍ ቀነሰ፣ ሌላውን ነካ ነካ አደረገ። በኋላ ስጠይቀው ብዙ አስረዳኝ፤ «ሁሉንም ከማስጮህ የሚሸፍነውን መቀነስ ነው» ያለው ብቻ ነው የገባኝ። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ያቺ አንዷ ከከበሮው መሃል ብቅ ብላ አጠገባችን መጣች። አባዬ ጉልበቱ ላይ ያሳረፈውን ግራ እጁን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ጣቶቹ ጭራ የሚጫኑ ይመስል አንዱ ተነሥቶ አንዱ ይወርዳል። ቀሪውን ዜማ መድረኩን ትቼ እነዚያን ጣቶች ሳይ ጨረስኩት።

ቴአትሩ ስለ ዕድር ጠብ ነው። ትንሽ ረዘመብኝ፣ አጨራረሱንም አልወደድኩትም። ግን አባዬ አንዴም ዞሮ «ምን አለ?» አላለኝም። ቤት ዜና ስናይ በየደቂቃው ነው የሚለኝ። ውዝዋዜው ሲደርስ ደግሞ ልጁ ከበሮውን መልሶ ለቀቀው፤ እስክስታ ያለ ከበሮ ትከሻ አያነሣም። የጎረቤታችንን ልጅ እንዲህ ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

አልቆ ሰው ሲወጣ አባዬ ከወንበሩ እስኪነሣ ጊዜ ይፈጃል። የድምፅ ባለሙያው ማሲንቆ የተጫወተውን ተማሪ ይዞለት መጣ። አባዬ ማሲንቆውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ጭራውን ዳሰሰና «ዕጣን አንሶታል፣ ቀባው» አለ። ልጁ እሺ አባቴ አለ። እኔ ለድምፅ ባለሙያው ለሻይ ብዬ ትንሽ ብር ልሰጠው ብል አሻፈረኝ አለ። አባዬ ግን መርቆታል፤ ምርቃቱን እምቢ ማለት አልቻለም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሰርግ፣ ምርቃት፣ የባህል ምሽት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩ። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው አገናኛችኋለሁ። ብዙ ሞንታርቦ ስላለው ሰው አትጥሩ፤ የሚሰማ ሰው ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ ይህን ልጅ ጥሩ። የአዳራሹ ዝግጅት ሲኖርም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ እጅህ ይባረክ። አባዬ «ያ የድምፅ ልጅ» እያለ ያነሳሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። ከዚያ ምሽት በማግስቱ ማሲንቆውን ከግድግዳው አውርዶ አቧራውን ጠርጎታል፤ አሁን ጭራ አምጪ እያለ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ጥሩ የፈረስ ጭራ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ነጭ ይሁን ብሏል።