ዋተርሉ በሁለት ሸራ፦ የሌዲ በትለር ፈረሶች እና የዱሙላን ፓኖራማ

ጁን 18 ቀን 1815 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን በተሸነፈበት የዋተርሉ ውጊያ ላይ የሆነውን በሥዕል ማጥናት ለሚፈልግ፣ እነዚህ ሁለት ሥዕሎች ፈጽሞ የተለያየ ነገር ያስተምራሉ።

እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ሌዲ በትለር በ1881 የሳለችው «ስኮትላንድ ለዘላለም!» ወርዱ 2 ሜትር ያህል ሲሆን በሊድስ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ይገኛል። የስኮትስ ግሬይስ (የብሪታንያ ጦር የስኮትላንድ ክፍለ ጦር) ፈረሰኞች በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ይጋልባሉ። ፈረስን ከፊት ለፊት መሳል ከባድ ነው፤ አንገቱ ያጥራል፣ ደረቱ ይሰፋል፣ የኋላ እግሮቹ ይሸፈናሉ። መጠኑ ትንሽ ከሳተ እንስሳው የቆመ ይመስላል። ሠዓሊዋ ፈረሰኞች በልምምድ ላይ ወደ እሷ ሲጋልቡ ቆማ አጥንታለች፤ ውጤቱም ድንቅ ነው። ታሪኩ ላይ ግን ስህተት አለ፦ መሬቱ ጭቃና ወጣ ገባ፣ መንገዱም በራሳቸው ወገን እግረኛ ጦር የተጨናነቀ ስለነበር እንዲህ አልጋለቡም።

የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሉዊ ዱሙላን ፓኖራማ (ተመልካቹን ዙሪያውን የሚከብ ሥዕል፣ 1912) ቤልጂየም ውስጥ እዚያው ጦር ሜዳው ላይ፣ የአንበሳው ጉብታ ከተባለው የመታሰቢያ ኮረብታ ሥር ነው። ሸራው 110 ሜትር ርዝመትና 12 ሜትር ከፍታ ስላለው፣ ክብ ሆኖ ሲዘረጋ ዲያሜትሩ 35 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚያሳየው የናፖሊዮን የጦር አዛዥ የማርሻል ኔይ ፈረሰኞች ከሰዓት በኋላ ያደረጉትን ጥቃት ነው። አድማሱ በመሃል መድረክ ላይ በቆመ ሰው ዓይን ልክ መሳል አለበት፤ ከዚያ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ሜዳው ያዘነበለ ይመስላል። የሸራው የታችኛው ጠርዝ በአፈርና በወደቁ ሰዎችና ፈረሶች ቅርጽ ተሸፍኗል። የጦሩን አሰላለፍ ለመረዳት ከዚህ ይጀመር፤ የፈረስ አሳሳል ለመማር ግን በትለርን የሚያህል የለም።