አዳማ ውስጥ ካሴት ያስገለበጥኩበት ቤት

የእናቴን አንድ አሮጌ ካሴት ፖስታ ቤት አካባቢ ያለች ትንሽ ቤት ወስጄ አስገለበጥኩ። በሯ ላይ «ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቤታችሁ ካሴት ያለ ብዙ ስለሆናችሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ካሴቱ ምን እንደሆነ። ጥር 1974 ደርግ መሠረተ ክርስቶስ የምትባለውን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። መሪዎቿ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። እዚሁ የነበረው የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚም ተወረሰ፤ ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበር የምትባለው። ምእመናኑ አምስትም ስድስትም እየሆኑ በየሰው ቤት ተደብቀው መሰብሰብ ያዙ፣ እናቴም አብራቸው ነበረች። አንድ ቀን እኛ ቤት ሲዘምሩ አንዱ ወንድም በቴፕ ቀዳው። ከአልጋ መነሳት ላቃታቸው እናት ሊያሰማቸው ብሎ ነው።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ ልጁ እጁ ጥሩ ነው። ካሴቱ ሲከፈት አይዞርም ነበር፤ ፈታታውና ክሩን ወደ ሌላ ቅርፊት አዛወረው። 400 ብር፣ ከነፍላሹ። በሁለት ቀን ይደርሳል ብሎኝ በሦስተኛው ነው የሰጠኝ፣ እሱ ብዙ አልከፋኝም። ድምፁ ኩልል ብሏል።

ማታ ለእናቴ ከፈትኩላት። ትንሽ ሰማችና «ሙቀጫው የታለ?» አለችኝ።

ለካ ሲዘምሩ አንዷ በሩ ጋ ቁጭ ብላ ቡና ትወቅጥ ነበር፣ ዝማሬው ወደ ውጭ እንዳይሰማ። ጎረቤታችን ደግሞ የቀበሌ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ካዩ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ቡናው አልደረሰም እንዴ?» እያሉ ይጮሁላቸው ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። የሳቸውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም ያው መንግሥት ከመንበራቸው አውርዶ አስሮ በ1971 ገድሏቸዋል፤ የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም በዚያው ዓመት። መገደላቸውን ያኔ ሕዝቡ አያውቅም ነበር እንጂ። ልጁ ድምፁን በኮምፒውተር ሲያጠራ የሙቀጫውንም የጎረቤታችንንም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አውጥቶታል። ሰው በቤቱ አምላኩን ለማመስገን ቡና እየወቀጠ መደበቅ እንደነበረበት የሚያሳየው ድምፅ እኮ እሱ ነው!

በማግስቱ ተመለስኩ። ልጁ አልተከራከረኝም፣ ዝም ብሎ አዳመጠኝና ካሴቱን እንዳለ ሳይነካካ እንደገና ገለበጠው፤ አልከፈልኩም። አሁን ሁለቱም አለኝ። እናቴ የምትከፍተው ሙቀጫ ያለውን ነው። ከመሃል «ይቺ እኔ ነኝ» ትላለች፣ በሹክሹክታ የሚዘምረውን ድምፅ እያሳየችኝ። ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆና ነው የወጣችው፣ እንዲህ በሹክሹክታ።

አንድ ያልተስማማሁበት ነገር አለ። ልጁ «ፍላሽ ይጠፋል፣ ቴሌግራም ላይ ልጫንልሽ» ይላል። መጫኑ አይከፋም፣ ግን እሱ ብቻ አይሁን። በየካቲት 2015 የኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ጉዳይ ሲነሳ ቴሌግራምም ፌስቡክም ዩቲዩብም ተገድበው ለወራት ያለ ቪፒኤን እንዳልተከፈቱ ረሳነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነት ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትጨነቅ ምእመኑ የሚሰማበት መንገድ ግን ተዘጋ። እኔ ሁለት ፍላሽ አስገልብጬ አንዱን እህቴ ጋ አስቀምጫለሁ።

ቤቱን እመክራለሁ። ስትሄዱ ግን ካሴቱን ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ንገሩት፣ «ምንም እንዳታወጣ» ብላችሁም አስጠንቅቁት። እሁድ ዝግ ነው።