የቦነስ አይረስ ሚሎንጋዎች፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ሚሎንጋ ማለት ሰው ተሰብስቦ ታንጎ የሚደንስበት ቤት ወይም ምሽት ነው። ቦነስ አይረስ ታንጎ ልትደንሱ ከሄዳችሁ “ምርጡ ሚሎንጋ የቱ ነው?” ብላችሁ ሰው አትጠይቁ። ሁሉም የራሱን ነው የሚያሞግሰው። መጀመሪያ ስትደንሱ ምን ያህል ቦታ እንደምትፈልጉ እወቁ።

እኔ አጭር ነኝ። ደረት ለደረት ተጠግቼ በትንንሽ እርምጃ መደነስ ነው ነፍሴ። ለእንደኔ ዓይነቷ ኤል ቤሶን የሚያክል የለም። መሀል ከተማ፣ ሪዮባምባ ጎዳና ላይ ያለ፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ጠባብ አዳራሽ ነው። ሲሞላ እግር ማሳረፊያ አይገኝም። እግሩን ወደ ላይ ማንሳት የሚወድ ሰው እዚያ ጠብ ነው የሚያተርፈው። ግብዣው በዓይን ነው። ወንዱ ካለበት ሆኖ ያያችኋል፤ እናንተም ካያችሁት ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ አለቀ። ካልፈለጋችሁ ዓይናችሁን ዞር ማድረግ ነው፣ ማንም አያፍርም። ስልክ ላይ ካቀረቀራችሁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ስታሞቁ ታድራላችሁ።

ረጅም እርምጃ የሚወድ ቪላ ኡርኪሳ ሰፈር፣ ሰንደርላንድ ክለብ ይሂድ። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። መብራቱ ቦግ ያለ ስለሆነ አረማመዳችሁ አይደበቅም። የሰፈሩ ስልትም የሚታወቀው በአረማመዱ ነው። የታንጎ ኦርኬስትራ መሪው የዲ ሳርሊ ሙዚቃ ሲከፈት ጥንዶቹ ሳይቸኩሉ ሜዳውን ሲዞሩ ማየት ብቻውን ያጠግባል። ወለሉ ጠንካራ ነው፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ አስቡበት። ለወለል ከሆነ ፓሌርሞ ያለው ሳሎን ካኒንግ ይሻላል፣ እንጨት ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ እዚያው ፓሌርሞ፣ የአርመኖች ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ ያለው ላ ቪሩታ ይመቻችኋል። አምሽቶ ትምህርት አለ፣ ከዚያ ጭፈራው ይቀጥላል። ጎበዞቹ የሚመጡት ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ነው። በጂንስ ሄዶ ዘና ማለት ለሚፈልግ ደግሞ አልማግሮ ያለው ላ ካቴድራል አለ። ድሮ መጋዘን ነበር፤ ጣሪያው ሩቅ፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው።

የትም ሂዱ የት ዲጄውን ስሙ። አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኦርኬስትራ 4 ታንጎዎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ይህ ታንዳ ነው። ከዚያ ኮርቲና የሚባል ለመደነሻ ያልሆነ አጭር ሙዚቃ ይገባል፤ ሁሉም ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ኮርቲና የሚባል ነገር አልነበረውም። እጄን እንደ መኪና መሪ ከሚጠመዝዝ ሰውዬ በምን ሰበብ ልላቀቅ? በመጨረሻ ውሃ ጠማኝ ብዬ ነው ያመለጥኩት።

ሌላው፣ አንዱ አዳራሽ በየቀኑ ለተለያየ አዘጋጅ ይከራያል። ማክሰኞ የወደዳችሁት ቤት ዓርብ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሙዚቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአዳራሹ ስም ጋር ቀኑንና የአዘጋጁን ስም ያዙ።