ከጅማ ጠራቢዎች የሚገዛ ገበጣ፦ ምኑን አይቶ መግዛት ይገባል?

ጅማ ላይ የእንጨት ሥራ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ነው። በርጩማ የሚጠርብ እጅ ገበጣም፣ ማለትም ጠጠር በየጉድጓዱ እየተዘራ የሚጫወቱበትን ሰሌዳ፣ ይጠርባል፤ ተሠርቶ የተቀመጠ ባይገኝ እንኳ በትእዛዝ ይሠራል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ የጅማ ገበጣ እንጨቱም ጥርቡም ያኮራል። ሆኖም ለእንግዳ መሸጫ ተብሎ የሚሠራው ሰሌዳ በአብዛኛው ለዓይን የተዘጋጀ ነው። ሊጫወትበት የሚፈልግ ሰው ልኩን ሰጥቶ ቢያሠራ ይሻለዋል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ጉድጓዱ ላይ ነው። ለጌጥ የተሠራው ሰሌዳ ጠርዙ በሙሉ ይቀረጽና ለጉድጓዶቹ የሚተርፈው ቦታ ይጠብባል። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከ15 ያህል ጠጠር በላይ አይችልም፤ ጨዋታው ሲሞቅ ግን አንድ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ሊከማችበት ይችላል። ሲሞላ ጠጠሩ ተንከባልሎ ጎረቤት ጉድጓድ ይገባል፣ ቆጠራው ይበላሻል፣ ክርክር ይነሳል። ስለዚህ 6.5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይጠይቁ። በጉድጓዶቹ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ሲጨመር ባለ ሁለት ረድፍ፣ 12 ጉድጓድ ገበጣ 48 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስት ረድፍ ካስፈለገ ርዝመቱ ያው ሆኖ ስፋቱ 25.5 ይደርሳል። የጣውላው ውፍረት ከ4.5 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ከዚያ ካነሰ ከጉድጓዱ ሥር የሚቀረው እንጨት ይሳሳና ሰሌዳው ሲወድቅ በዚያው ይበሳል።

የጉድጓዱ ቅርጽ ከስፋቱ እኩል ያሳስበናል። ወለሉ እንደ ዋንጫ ሆድ ክብ ሊሆን ይገባል። በመሮ ቀጥ ተደርጎ የተቆፈረ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጉድጓድ ማዕዘን ስላለው የመጨረሻዋ ጠጠር እዚያ ትወሸቃለች፤ ጣት አይደርስባትም። ተጫዋች አንድ ጠጠር ረስቶ ሲዘራ ደግሞ ዙሩ በሙሉ ይዛባል። ጠራቢው ይህን አይስተውም፤ የበርጩማውን መቀመጫ የሚያጎደጉድበት ሙያ ለዚህ ይበቃዋል፣ ብቻ «ለመጫወቻ ነው» ተብሎ ይነገረው። ግድግዳዎቹ ጫፋቸው በብርጭቆ ወረቀት ለዘብ ማለት አለበት፤ ስለታም ሆኖ የቀረ ጫፍ ቶሎ ይፈረፈራል።

እንጨቱን በተመለከተ ምርጫችን ዋንዛ ነው። ለመፈልፈል አያስቸግርም፣ በደንብ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ወይራ ጠንካራና ውብ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አይሁን።

ትልቁ ችግር የእንጨቱ እርጥበት ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ወራት ይወስዳል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተጠረበ ሰሌዳ እዚያው እያለ ደህና ይመስላል፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዋሽ ሲሄድ ግን ይሰነጠቃል። እንጨት ውኃውን ፈጥኖ የሚያጣው በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ስለሆነ ስንጥቁ ከሰሌዳው ሁለት ጫፎች ይነሳና በመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች በኩል ያልፋል። ሲገዙ ጫፎቹን በብርሃን ይመልከቱ። ስንጥቅ በሰጋቱራና በኮላ ተደፍኖ በቫርኒሽ ሊሸፈን ይችላል፤ በጥፍር ሲፋቅ የድፍኑ ቀለም ከእንጨቱ ይለያል። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ሰሌዳዎች በሁለት እጅ መመዘንም ይረዳል፦ ከአንድ ዓይነት እንጨት ከሆኑ የከበደው ገና ያልደረቀው ሊሆን ይችላል።

ቫርኒሹ በውጭ በኩል ምንም አይደለም፤ በጉድጓዱ ውስጥ ግን ይጠራቀማል፣ በጠጠር ሲመታም ይላጣል። ውስጡ ሳይቀባ እንዲተው ይንገሩና በተልባ ዘይት ስስ አድርገው ያሹት፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። ሌላው የምግብ ዘይት እያጣበቀ አቧራ ይሰበስባል።

በማጠፊያ የሚታጠፈው ዓይነት ለመንገድ ይመቻል፣ ግን ብሎኑ ሲላላ መሃሉ ይከፈታል፤ ለቤት አንድ ወጥ ሰሌዳ ይሻላል።

ጠጠሩ ከሰሌዳው ጋር ከተሰጠ አንድ በአንድ ይዩት። ጉሎ ካለበት አይቀበሉ። ፍሬው ያምራል፣ መጠኑም ይመቻል፤ ነገር ግን መርዛማ ነው፣ ሕፃን ቢያኝከው ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ቡና የአገሩ ነው ብሎ መጠቀም ደስ ይላል፤ ቀላልና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን አያያዙ አይመችም። ሽምብራ ይነቅዛል። ከሁሉ የሚሻለው ከወንዝ ዳር የተለቀመ 1.2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ድቡልቡል ጠጠር ነው። የእንሰት ፍሬ ከተገኘ ደግሞ እጅግ ግሩም ነው፦ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ለእጅ የሚሞላ። የሚያስቸግረው እንሰት በአብዛኛው ሳያፈራ ስለሚቆረጥ ፍሬው እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው።

ባለ 12 ጉድጓዱን በየጉድጓዱ 4 ሲሞሉት 48 ጠጠር ይፈልጋል፤ ባለ ሦስት ረድፉ በየጉድጓዱ 3 ሲሆን 54። ያው የ12 ጉድጓድ ሰሌዳና 48 ጠጠር ለጋናው ኦዋሬም ሳይለወጥ ያገለግላል። ኦዋሬ ላይ ዘር የሚዘራው ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው፤ የመጨረሻው ፍሬ በተጋጣሚ ጉድጓድ ወድቆ 2 ወይም 3 ካደረገው ይበላል። አንድ ሰሌዳ ገዝቶ ሁለት ጨዋታ ማግኘት ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሌሎቹ የገበጣ ዘመዶች የየራሳቸውን ሰሌዳ ይፈልጋሉ፣ ሥዕል ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ጠራቢው አይቸገርም። የዛንዚባሩ ባኦ 4 ረድፍ በ8 ጉድጓድ፣ 64 ፍሬ ነው፤ በእያንዳንዱ ተጫዋች የውስጥ ረድፍ አንዱ ጉድጓድ አራት ማዕዘን ሆኖ ይለያል፣ ይህን በሥዕሉ ላይ ማሳየት እንዳይረሳ። የፊሊፒንሱ ሱንግካ በየጎኑ 7 ትናንሽ፣ በሁለቱ ጫፍ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች አሉት፤ ፍሬው 98 ነው። ካዛኮችና ኪርጊዞች የሚጫወቱት ዓይነት በየጎኑ 9 ጉድጓድና 162 ኳስ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቱርኩ ማንጋላ ጋር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጉድጓዶቹ ሞላላና ጠባብ ስለሆኑ ከሁሉም ይልቅ የጠራቢውን እጅ የሚፈትነው እሱ ነው።

ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉት የጣውላው ውፍረትና የጠርዙ ቅርጽ ናቸው። ገንዘቡን ውፍረቱ ላይ ያውሉት፤ ቅርጹ ቢቀር ጨዋታው አይጎድልም። ሲያዝዙ የጉድጓዱን ልክ በካርቶን ቆርጠው ይስጡ፣ ቀብዱንም ሙሉ ዋጋ አያድርጉት። ሲረከቡ ሰሌዳውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አራቱን ማዕዘን ተራ በተራ ይጫኑ፤ ካወዛወዘ ሥሩ በመላጊያ ይስተካከል። ቀጥሎ 20 ጠጠር በየጉድጓዱ እያፈሰሱ በሦስት ጣት ያውጡ፤ አንዲት ጠጠር ሥሩ ከቀረች ያ ጉድጓድ ወደ መሮው ይመለስ።