ዜኖቪው፦ ሳንባን በኤምአርአይ ለማየት የሚሳብ ጋዝ፣ በአዳማ ሚዛን

ኤምአርአይ አንጎልንና ጉልበትን አጥርቶ ያሳያል፤ ሳንባ ላይ ሲደርስ ግን የሚያወጣው ጥቁር ነገር ነው። ሳንባ ውስጥ ውሃው ጥቂት፣ አየሩ ብዙ ስለሆነ ማሽኑ የሚይዘው ምልክት ያጣል። ፖላሪን የተባለው ድርጅት ያወጣው ዜኖቪው ይህን ክፍተት የሚሞላ፣ በአፍ የሚሳብ ጋዝ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች ፈቅዶታል። አየር የት እንደደረሰና የት እንደቀረ ያለ ጨረር በማሳየት ረገድ ግሩም ሥራ ነው። አዳማ ላይ ላለ የምርመራ ማዕከል ግን ዛሬ ግዙ አንልም። ዋጋው አንዱ ምክንያት ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ጋዙ አለመቀመጡ ነው። ዜኖቪው የተሠራበት ጋዝ፣ ዜኖን-129፣ ሩቢዲየም በተባለ ብረት ትነትና በሌዘር ከተዘጋጀ በኋላ ያገኘው በኤምአርአይ የመታየት ኃይል ወዲያው መርገፍ ይጀምራል። ከረጢቱ ከተለካ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሳበ ምርመራው አይሆንም። እንደ ኦክስጅን በተራ ሲሊንደር ተሞልቶ በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ ማዘጋጃው ራሱ ከስካነሩ አጠገብ መተከል አለበት። ስካነሩም ሌላ ጣጣ አለው። በ1.5 ቴስላ (የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ) ተራ ኤምአርአይ የሚያዳምጠው የሃይድሮጅን ድምፅ፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገዱ ድግግሞሽ፣ 64 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲሆን የዜኖን 17.7 ገደማ ነው። ተራ ኤምአርአይ ይህን አይሰማም፤ የተለየ አምፕሊፋየርና እንደ ሰደርያ ደረት ላይ የሚታሰር ኮይል (ምልክት መቀበያ) ይፈልጋል።

አንድ ከረጢት ከ250 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ዜኖን ይይዛል፤ ቀሪው በናይትሮጅን ተሞልቶ 1 ሊትር ይሆናል። ኦክስጅን አይገባበትም፣ ምክንያቱም የዜኖኑን ምልክት የሚያጠፋው እሱው ነው። ተመርማሪው በጀርባው ይተኛል፣ አፍንጫው በቆንጣጭ ይያዛል፣ ትንፋሹን እንደወትሮው ያወጣል፣ ከዚያ ከረጢቱን ጨርሶ ይስባል። «ሳቡ፣ ሳቡ፣ ሳቡ፣ ያዙ!» ከተባለ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መያዝ አለበት። ይህን በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አየር በተሞላ ተመሳሳይ ከረጢት አስቀድሞ ማለማመድ ግድ ነው። ግማሽ ከረጢት የሳበ ጤነኛ ሰው በምስሉ ላይ ሕመምተኛ መስሎ ይወጣል። የልምምዱ ከረጢት ሌላም ጥቅም አለው፤ ተራው የሳንባ ምስል በዚያው መጠን ሲነሳ ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ። የአርኤፍ ምቱ፣ ማሽኑ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ፣ ከበዛ ደግሞ ምልክቱ ቶሎ ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹ የምስሉ ቁራጮች የደበዘዙት በሳንባው ሳይሆን በባለሙያው ምክንያት ይሆናል። ማዞርና ራስ ምታት ሊያጋጥም ይችላል፣ የደም ኦክስጅንም ለአፍታ ይወርዳል። ጣት ላይ ያለው መለኪያ፣ ለኤምአርአይ ክፍል የተሠራው ዓይነት፣ እስኪያበቃ አይነሳም።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ እዚህ የተሞላ 1 ሊትር ከረጢት ውስጥ ያለው ጋዝ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ምልክቱም አብሮ ይቀንሳል። በአንጻሩ ሳንባ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚያንስ ዜኖኑ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደበዝዘው። በምርምር እንደሚደረገው ጋዙ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲገባ ለመለካት ከተፈለገ ደግሞ ውጤቱ ከሄሞግሎቢን ጋር ይለዋወጣል። በሌላ አገር ቆላ የተለካ የጤነኛ ሰው ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም፤ የአዳማ ጤነኛ ጎልማሶች ራሳቸው መለካት አለባቸው።

አዳማ ላይ በዜኖን ፋንታ ሳንባን በኤምአርአይ ለማየት መነሻ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። ተመርማሪው መጀመሪያ የክፍሉን አየር፣ ቀጥሎ 100 በመቶ ኦክስጅን በጭንብል በደቂቃ 15 ሊትር ገደማ ይተነፍሳል። በሁለቱ መካከል የሳንባው ቲ1 (ከሬዲዮ ምት በኋላ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ጊዜ) አሥር በመቶ ገደማ ያጥራል። ተራው ስካነር ይበቃል፣ የተለየ ኮይል አያስፈልግም። የብረት ሲሊንደር ግን በፍጹም ወደ ማግኔቱ ክፍል እንዳይገባ፤ ተስቦ ሰው ይገድላል። ሲሊንደሩ ውጭ ቀርቶ ረጅም ቱቦ በግድግዳው መተላለፊያ ይግባ፤ መገጣጠሚያውን ቅባትና ዘይት አይንካው፣ እሳት ያስነሳል። ድክመቱ ምስሉ የአየርና የደም ዝውውርን ቀላቅሎ ማሳየቱ ነው፤ ከዜኖን ጥራትም ይርቃል። ድያፍራም ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይበላሻል፣ ምስሉን ከትንፋሹ ጋር የሚያቀናጅ ቀበቶ መታሰር አለበት። በዚያው ቀን ስፓይሮሜትሪ (በመንፋት የሚሠራ የሳንባ አቅም ልኬት) ይሠራ፤ ሁለቱ ሲጋጩ መጀመሪያ የሚጣራው የጭንብሉ ጠርዝ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ነው።